ደጋ ላይ የሚታነቅ ሞተር፦ ቤንዚንና አየር በጎጃም የመስኖ ፓምፖች

ደብረ ማርቆስ ላይ የተገዛ 5.5 የፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕ ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም። 4 ቢሰጥ ነው። ቀሪው 1.5 የት ገባ ቢባል፣ ሻጩ አልሰረቀውም፤ ፋብሪካውም አልዋሸም። ሞተሩ የተለካው አየሩ ወፍራም በሆነበት ቆላ ላይ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ። የጉልበቱን ማነስ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከጉልበቱ ጋር አብሮ በጭስ ማውጫ የሚወጣው ቤንዚን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ማዳን ይቻላል።

ነገሩ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስጨንቀው በዋጋው ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ማደያ በጀሪካን አልቀዳም ሲል በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ቆጋ ላይ ለ7,000 ሄክታር የታቀደው መስኖ ከግድቡ በቦይ ራሱ ስለሚወርድ ቤንዚን አይጠይቅም። ከዚያ ውጪ ያለው፣ በየወንዙና በጣና ዳር ሽንኩርት፣ ድንችና የበጋ ስንዴ የሚያጠጣው ገበሬ ግን ትርፉን የሚቆጥረው በጀሪካን ነው።

ቤንዚን ጢሱም አመዱም ሳይቀር ተሟጦ እንዲነድ 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ስለሚመዝን ወደ 11 ኪሎ አየር ይጠይቃል ማለት ነው። አየር በኪሎ ሲባል ግር ይል ይሆናል፤ ግን ይመዝናል። ባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ይመዝናል። 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግን 0.9 ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ያችን አንድ ሊትር ለማንደድ ቆላ ላይ 9 ሜትር ኩብ የሚበቃው አየር ደብረ ማርቆስ ላይ 12 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። የሞተሩ ሲሊንደር ግን አልሰፋም፤ በአንድ ምት የሚስበው ያንኑ መጠን ነው።

እዚህ ላይ ቤንዚንና አየሩን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይሳሳታል። አየር በጠባብ አንገቱ ሲያልፍ በሚፈጠረው መሳብ ቤንዚኑን ከናሱ (ከውስጡ ካለችው፣ ቤንዚን ለክታ ከምታሳልፈው ትንሽ የናስ ቁራጭ) ቀዳዳ ይጎትታል። አየሩ ሲሳሳ መሳቡም ይቀንሳል፤ ነገር ግን በእኩል አይቀንስም። የአየሩ ክብደት በ26 በመቶ ሲቀንስ የቤንዚኑ የሚቀንሰው በ14 በመቶ ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 1 ቤንዚን ለ13 አየር ተብሎ የተሰካ ካርቡሬተር (ፋብሪካዎች ለጉልበትና ለማቀዝቀዝ ሲሉ ከ14.7 ትንሽ ወፈር አድርገው ይሰኩታል) ባሕር ዳር ሲደርስ 1 ለ11.7 ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ 1 ለ11.2። እንጅባራና ቢቸና ከደብረ ማርቆስ የተለየ ዕጣ የላቸውም፤ ፍኖተ ሰላም ለባሕር ዳር ትቀርባለች።

ነዳጁን በመርፌ (በኢንጀክተር) የሚረጭ አዲስ መኪና ይህን በዳሳሽ አይቶ ራሱ ያስተካክላል። ካርቡሬተር ያለው ፓምፕ፣ የቆየ ባጃጅ፣ ጄኔሬተር ግን ማን ያስተካክልለት?

ካንዴላው ምን ይላል

የቤንዚን መብዛት ምልክቱ ብዙ ነው፦ ጥቁር ጭስ፣ ሲነሳ የቤንዚን ሽታ፣ ሙቅ ሆኖ ሲያጠፉት ዳግም አልነሳ ማለት፣ የሞተር ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ማለትና ቤንዚን ቤንዚን መሽተት። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው፤ ያ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳይቆይ ይበላል።

ለማረጋገጥ የሚያዋጣው ካንዴላውን (ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ማንበብ ነው፤ አነባበቡ ግን ወግ አለው። ሞተሩ ውሃ እየገፋ፣ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ ወደ ሚኒሞ (ያለ ሥራ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ሳይመለስ፣ እዚያው ባለበት ፍጥነት ማጥፊያው ይጫን። ሚኒሞ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ ከቆየ ካንዴላው የሚያሳየው የሚኒሞውን እንጂ የሥራውን አይደለም። በረድ ሲል ይፈታ። ነጩ ሸክላ የቀይ ጤፍ እንጀራ መልክ ከያዘ ድብልቁ ደህና ነው። ጥላሸት ለብሶ ጣት የሚያጠቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ንጣቱ አጥንት መስሎ፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ፊኛ ካበጀ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያስላል፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ ይላል። ሲመለስ የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ በእጅ እስኪቆም ከዞረ በኋላ በቁልፍ የሚጠብቀው አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ ሩብ ዙር ወይም ከዚያ በታች ነው።

ጥላሸት ታየ ተብሎ ግን ወዲያው ወደ ካርቡሬተሩ አይኬድም። ቾኩ (ለማስነሳት ሲባል አየሩን የሚዘጋው) ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይታይ፤ በግማሽ ተዘግቶ አንድ ሙሉ ቀን የሚውል ፓምፕ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው። ስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነክሮ እስኪበቃ መጭመቅ ነው፣ አለመጭመቅ ራሱ አየር ይዘጋል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ተራግፎ ካልጸዳ ይቀየራል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ በካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋም። ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲለኩ በተለመደው የዚህ መጠን ሞተር ለማስገቢያው 0.15፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው።

«ደጋ ነውና አየር ያንሰዋል» ብሎ ፊልትሮውን አውልቆ መጣል በብዙ ወንዝ ዳር የሚታይ መፍትሔ ነው። እውነት ነው፣ ጭሱ ትንሽ ይቀንሳል። ግን አፈርና የገለባ ብናኝ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ የሚድነው ቤንዚን ለፒስተንና ለፋሻ አይበቃም።

ካቻቢቴ የማይፈታው

አብዛኛው ጋራዥ ጭስ ሲያይ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጠመዝማዛ ወዲያ ወዲህ እያሉ ድምፁ ሲያምር ያቆማሉ፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ወንዝ ሲወርድና ውሃ ሲገፋ ጭሱ እዚያው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ያች ጠመዝማዛ የምታዘው የሚኒሞውን ቤንዚን ብቻ ነው። በሥራ ላይ ያለውን የሚወስነው በቋቱ (ካርቡሬተሩ ታች ቤንዚን በሚጠራቀምበት) መሐል የቆመው ናስ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው፤ ስፋቱ ደግሞ ካልተቀየረ አይቀየርም።

የቀዳዳው ቁጥር ናሱ ላይ ተቀርጿል፤ በብዙዎቹ 70 ማለት 0.70 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1 ለ11.2 ወደ 1 ለ13 ለመመለስ ቤንዚኑ በ14 በመቶ መቀነስ አለበት። የቀዳዳ ወርድ ግን በስኩዌር ስለሚሠራ ወርዱ መቀነስ ያለበት 7 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ70 ወደ 65። የ5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ ከአንድ የራስ ጸጉር የቀጠነች!

ይህችን ቁጥር ያየ ሰው ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ናስ ለስላሳ ነው። የብረት ሽቦ ገብቶ ሲወጣ 0.70 የነበረውን 0.73 ካደረገው የሚያልፈው ቤንዚን በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደጋው ካበዛው ላይ ሌላ ተጨመረ። «ካጸዳሁት ወዲህ ቤንዚን ይጠጣል» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። የተደፈነ ቀዳዳ በቤንዚን ተነክሮ፣ ነፍተው ይጸዳል፤ ግትር ካለ ጣና ላይ ዓሣ የሚጠመድበት ቀጭን የናይሎን ክር ይበቃዋል።

ለመቀየር የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋ። በቋቱ ታች ያለችው ማፍሰሻ ላልታ የቀረው ቤንዚን ወደ ቆርቆሮ ይውረድ፤ መሬት ላይ አይፍሰስ። ቋቱን የያዘችው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 10 ቁልፍ ናት። ቋቱ ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው ያለው ማሸጊያ) አብሮ እንዳይቀደድ፣ ተንሳፋፊው እንዳይጣመም። ናሱ የሚፈታው አፉ ከስንጥቁ ጋር በልክ በሚገጥም ካቻቢቴ ነው፤ ጠባብ ከሆነ ጠርዙን ይልጠውና ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ናሱ ሲወጣ ከላዩ ያለችው ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቀጭን ቱቦ ተከትላ ልትወድቅ ትችላለች፤ አፏ ወዴት እንደነበር ይታይ። አዲሱ በአንድ ጊዜ ከሦስት ቁጥር በላይ ባይወርድ ይመረጣል፦ 70፣ ከዚያ 68፣ ካንዴላ ማንበብ፤ አሁንም ከጠቆረ 65።

ቀጭን ናስ ገበያ ላይ ሲጠፋ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ከተጣጣፊ የመብራት ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር በቀዳዳው ማሳለፍና ሁለቱን ጫፍ አጥፎ ማስያዝ። ስሌቱ እንዲህ ነው። 0.70 ቀዳዳ ውስጥ የገባች ባለ 0.20 ክር 8 በመቶ ያህል ትዘጋለች፤ ባለ 0.25 ከሆነች 13 በመቶ። ክሩ ፍሰቱን በሰበቃ ስለሚያዘገይ እውነተኛው ቅነሳ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ለደብረ ማርቆስ አንድ ባለ 0.25 ክር 1 ለ13 አካባቢ ታደርሳለች። ናሱ እስኪገኝ ያገለግላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ለዘለቄታ አይታመንም። አደጋው «አንዷ ካተረፈች ሁለቱ ይበልጥ ያተርፋሉ» ሲባል ነው። ሁለት ባለ 0.25 ክር ድብልቁን ወደ 1 ለ15 ይወስደዋል። ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩን ከውስጥ የሚያቀዘቅዘው ትርፍ ነዳጅ አይኖርም፤ የማስወጫው ቫልቭ ይግላል፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ መጭመቁ ይጠፋል።

ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ

ደጋ ላይ የተስተካከለ ፓምፕ ቆላ ሲወርድስ? ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የዓባይ ድልድይ ያለበት ስምጥ 1,000 ሜትርን ብዙ አያልፍም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሩ ይወፍራል፤ ያው ቀዳዳ ግን የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይጨምርም። ደግነቱ ቆላው ሞቃት ነው፣ ሙቀት ደግሞ አየሩን መልሶ ያሳሳዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ 1 ለ13 የነበረ ሞተር 35 ዲግሪ በሚሞቀው ስምጥ ውስጥ 1 ለ13.8 ይሆናል። ይህ አይገድለውም። በሁለት ክር 1 ለ15 የደረሰው ግን 1 ለ16 ይሆናል፤ በዚያ ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ ቫልቭ የሚቃጠለው እንዲህ ያለው ነው። ፓምፑን ለቆላ እርሻ የሚያከራይ ሰው የፋብሪካውን ናስ በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሣሪያው ጋር ቢያስቀምጥ ወጪ የለውም። የታወቁ ሞተሮች መመሪያም ይህንኑ ይላል፦ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ካርቡሬተሩ ይስተካከል፣ ወደ ታች ሲመለስ ደግሞ ይመለስ፤ ተስተካክሎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያለው 4 የፈረስ ጉልበት የመጣው ከዚሁ ነው።

ሞተሩ እየተወቀሰ ጥፋቱ የፓምፑ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ፓምፕ ውሃን ከታች አይጎትትም፤ አየሩ ነው ከወንዙ በኩል የሚገፋለት። ባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ ባሕር ዳር ላይ 8.3፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 7.6። ይህ ምንም ብክነት ከሌለ ነው። ካርቶኑ ላይ «መሳብ 8 ሜትር» የተባለ ፓምፕ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከ5 ሜትር ብዙ አይዘልም። ወንዙ ጥልቅ ስለሆነ ሞተሩን ገደሉ አናት ላይ ያቆመ ገበሬ የሚያየው ውሃው ሲቆራረጥ፣ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ሲንኳኳ፣ ሞተሩም ጭነት አጥቶ ሲጮህ ነው። ካርቡሬተር ቢቀየር ለውጥ የለውም። ሞተሩ ወደ ውሃው ይውረድ፤ ወደ ላይ መግፋቱን ይችልበታል።

ናፍታ ሞተር ከዚህ ሁሉ በከፊል ነፃ ነው። የሚስበው አየር ሁልጊዜ ትርፍ አለው፤ ፍጥነቱም የሚወሰነው በነዳጁ ብቻ ነው። ደጋ ላይ ሙሉ ጭነት ሲሆን ግን ትርፉ ያልቅና ጥቁር ጭስ ይመጣል፤ ያኔ መፍትሔው ጭነት መቀነስ ነው።

የተቀላቀለ ቤንዚን

በሃይላንድ የሚገዛ ቤንዚን ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ ቶሎ አይተንም፤ ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፣ ካንዴላውን ያረጥባል፣ ሲሞቅ ደግሞ ጥላሸት ይሆናል። ያኔ ናስ መቀየር ለሌላ በሽታ መድኃኒት መስጠት ነው። ቆላ ላይ እንዲህ ያለ ነዳጅ ሞተሩን በማንኳኳት ራሱን ያጋልጣል። ደጋ ላይ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ሳያንኳኳ ይሸከመዋል፤ ቅልቅሉ ጎጃም ላይ የሚደበቀውም ለዚህ ነው። ለመፈተን ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማኖር ይበቃል። ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን ንጹሕ ይተወዋል፤ ላምባ የቅባት ክብ ትቶ ይቆያል። ውሃ ካለበት በጠራ ጠርሙስ ጥቂት ሲቆይ ከታች ተለይቶ ይታያል።

በእጥረቱ ምክንያት ቤት ውስጥ ጀሪካን ማስቀመጥ ስለተለመደ ይህም በቁጥር ይታወቅ። የቤንዚን ተን የሚነደው ከአየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሳስቶ፣ ከዚያ በላይ ወፍሮ አይነድም። ሙሉና የተከደነ ጀሪካን ውስጥ ያለው ተን አብዛኛውን ጊዜ ከመንደጃው በላይ የወፈረ ነው። «ባዶ ነው» ተብሎ ክዳኑ ተከፍቶ ምድጃ አጠገብ የተጣለው ግን አየር እየገባበት ልኩ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ተኑ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ያገኛል። ቆላ ላይ ተሞልቶ ወደ ደጋ የወጣ ጀሪካን ደግሞ ሆዱ ይነፋል፤ ክዳኑ ከእሳት ርቆ፣ ቀስ እያለ ይከፈት።

ማስተካከያው ምን እንዳተረፈ ለማወቅ መለኪያው አንድ ሊትር ነው። ታንኩ ተሟጦ ተለክቶ አንድ ሊትር ይግባ፤ በዚያው ቱቦ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ፍጥነት ውሃ እየገፋ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝገብ። ናሱ ከተቀየረ በኋላ ይደገም። በሰዓት 1.2 ሊትር የሚወስድ፣ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ በቀን 9.6 ሊትር ይጨርሳል፤ 10 በመቶ ቢድን በቀን አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ሊትር ከመጀመሪያው ረዘም ካለና ካንዴላው የቀይ ጤፍ መልኩን ከያዘ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ደቂቃው ረዝሞ ካንዴላው ከነጣ ግን ተርፏል የተባለው ቤንዚን ለቫልቭ እየተቀመጠ ስለሆነ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ይመለስ።